ሁለት ወንበር ያላት መኪና

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ እኛ ቤት መኪና ማለት ሰው መጫኛ ነው። ስንት ዓመት ባለ ሰባት መቀመጫ ነዳሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «ማነው ወደ ሃርልስደን? ወደ ሆሎዌይስ?» እያለች ትሰበስባለች፤ እኔ ሞተር አስነስቼ እጠብቃለሁ። የፊት ወንበር ምንጊዜም የሽማግሌ ነው። ሚስቴን የማያት በመስተዋት ነበር።

ልጆቹ ከቤት ሲወጡ ያንን ሸጥኩና አንዲት ቀይ አሮጌ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ገዛሁ። ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሯ ሁለት። ሰው ሁሉ «ምን ነካው?» አለ።

እንዲህ ያሉት መኪኖች በፈረንጆቹ ስድሳዎቹና ሰባዎቹ ሲሠሩ የሀብታም መጫወቻ አልነበሩም። ሞተራቸው ከተራ የቤት መኪና የመጣ ነው፤ ደመወዝተኛው ወጣት ሸራውን አጥፎ፣ ፍቅረኛውን ይዞ ወደ ባሕሩ እንዲነዳ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በኋላ የአሜሪካ የመኪና ደኅንነት ሕግ ሲጠብቅ የሚያብረቀርቀው የግጭት መከላከያ ብረት፣ ፓራውልቱ፣ በጥቁር ጎማ ተተካ፤ ወዳጆቻቸው ይኼን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም። የኔዋ የጥንቷ፣ ባለ ብረቷ ናት። ዝናብ ታስገባለች፣ ማሞቂያዋ ለስም ያህል ነው። ዝቅ ያለች ስለሆነች ግን ቀስ ብለው እየነዱ እንኳ የሚበሩ ይመስላል። ሰው የሚወዳት ለዚህ ነው።

እኔ የገዛኋት ግን ለሌላ ነው። ከሚስቴ ጋር፣ ሁለታችን ብቻ፣ መሄድ አማረኝ። በቃ። ለማንም አልተናገርኩም፤ አፈርኩ መሰለኝ።

የመጀመሪያው እሑድ ሻሿን አጥብቃ አስራ ገባች። ቁልፉን ሳልጠመዝዝ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት እናት አውቶቡስ ሲጠብቁ አየች። «እማማ፣ እርስዎ ይግቡ፣ እኔ በባስ እመጣለሁ» ብላ ወረደች። ደግ ናት አልኩ። በሳምንቱ ለአንድ አዛውንት ለቀቀች። ይሁን፣ አስተዳደጓ ነው አልኩ።

ሦስተኛው እሑድ ወንበሯን የሰጠችው ግን ሰቨን ሲስተርስ ለሚኖር፣ ኳስ ለሚጫወት ጎረምሳ ነው።

«ኖ፣ ኖ፣ እኔ ትሬይን እይዛለሁ» ይላል ልጁ።

«ግባ ብዬሃለሁ!» አለችና በሩን ዘጋችበት።

መንገዱን ሙሉ ልጁ ሸራው እንዴት እንደሚታጠፍ ጠየቀኝ። ደሜ እየፈላ መለስኩለት።

ቤት ስደርስ ቀድማኝ ገብታለች፤ ካፖርቷን ሳታወልቅ ኩሽና ቆማለች።

«ለሁለታችን ብዬ እኮ ነው የገዛኋት» አልኳት። «ምነው አንድ ቀን እንኳ አብረሽኝ ብትሄጂ?»

«ለሁለታችን እንደሆነ አውቃለሁ» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም። «ሰው ከሌለማ ምን እናወራለን?»

እንዴት እንዲህ ትያለሽ ልላት ቃጣኝ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የማወራላት ነገር ፈለግሁ፤ ልጆቹን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የሰውን ወሬ ሁሉ ትቼ አንድ ነገር። አፌ ላይ የመጣው የመኪናዋ ሞተር ካንዴላ መቀየር እንዳለበት ብቻ ነበር።