ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞረ ሕንፃ

ባሌ ሮቤ ላይ ለሚሠራው የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ መነሻ እንዲሆነኝ ከአዲስ አበባ የተሰጠኝ ንድፍ ለቆላ ከተማ የተሠራ ነበር። ጣሪያው ሰፊ ጥላ ይጥላል፤ የመማሪያ ክፍሎቹ መስኮቶች ፀሐይ እንዳታገኛቸው ወደ ሰሜን ዞረዋል። በባሌ ብርድ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ማን ይማራል? ወደ ጎን ትቼው ከባዶ ጀመርኩ። የመማሪያ ክፍሎቹን በበጋ ፀሐይ ወደምታዘነብልበት ወደ ደቡብ አዞርኩ። የስንዴ ዘር የሚመረመርባቸውን ላቦራቶሪዎች፣ ረጋ ያለ ብርሃን ስለሚበቃቸው፣ በሰሜን በኩል አደረግኳቸው።

የግንባታ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሮቤ ተወልደው ያደጉ አንጋፋ መምህር፣ ነገሩ አልተዋጠላቸውም። "የጸደቀ ንድፍ እያለ ስለ ፀሐይ ምን ያከራክረናል?" አሉኝ በስልክ። ቢሆንም ለረፋድ ስብሰባ ቀጠሩኝ።

ስደርስ የስብሰባው አዳራሽ ባዶ ነበር። ኮሚቴው፣ የሮቤ ሰው ሁሉ በበጋ እንደሚያደርገው፣ ከነወንበሩ ወጥቶ በደቡብ በኩል ካለው የድንጋይ ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል። ሰብሳቢው ካፖርታቸውን እንደለበሱ ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተዋል።

"ኮቱ ልጄ፣ እዚህ ጋ ነይ። ውስጥማ ብርዱ አያስቀምጥም" አሉኝ ኦሮምኛውን ከአማርኛ ቀላቅለው።

ንድፌን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁና የመማሪያ ክፍሎቹን የደቡብ ግድግዳ በጣቴ አሳየኋቸው።

"አሁን የተደገፉት ይሄን ነው" አልኳቸው።

ወረቀቱን ትተው ከኋላቸው ያለውን ድንጋይ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ የሚፈርሙበት እስክሪብቶ ጠየቁኝ።