«ቁጥር አይደለም» ያለው ጓደኛዬ

የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ያቀረብን ቀን ነው... ሶዶ፣ ዩኒቨርሲቲ እያለን። ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ለአምስት ነበር። እኛም አምስት ነን፤ የቡድኑ መሪ እኔ።

መሪ ልባል እንጂ ኮዱን የጻፈው እስራኤል ነው፣ የበዴሳ ልጅ። ፕሮግራማችን የየቀበሌውን የበቆሎ ምርት በሄክታር ያሰላል። መሬቱም ምርቱም ያልተመዘገበለት ቀበሌ ሲመጣ ዜሮን ለዜሮ ያካፍላል... መልስ የለውም። በዲበገር፣ ያው ፕሮግራሙን አስቁመን ውስጡን በምናይበት መሣሪያ፣ ስናየው የእስራኤል ላፕቶፕ «ናን» ይላል፤ የኮምፒውተር ላቡ ዊንዶውስ ደግሞ «ኢንድ»። ሁለቱም «ቁጥር ሆኖ የሚወጣ መልስ የለም» ማለት ናቸው፤ ነገሩ አንድ፣ ስሙ ሁለት።

እስራኤል ተቀምጦ ዲበገሩን አስተካከለው፤ ሁለቱም ማሽን ላይ «ቁጥር አይደለም» ብሎ እንዲያሳይ። «እናስገባው?» ሲለኝ «አስገባው ባክህ፣ አሪፍ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ፈታኙ መምህር የዲበገሩን የድሮ ማሳያም አዲሱንም አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አንድ ኮድ እንዴት ሁለት መልስ ይሰጣል? ሲለያይባችሁ በጽሑፍ ሸፈናችሁት አይደል?»

«አልሸፈንነውም መምህር» አለ እስራኤል። «ሁለቱም ትርጉሙ አንድ ነው። ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል...»

«እኔን ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «መሪው፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

እስራኤል አየኝ። «እውነቱን ነው» ማለት ነበር የሚጠበቅብኝ... ግን መምህሩ የኔንም ውጤት በእጁ ይዟል። አንገቴን ደፋሁ።

«ውጤት አጭበርብሯል» ተባለና ኮዱን የጻፈው እሱ ብቻ ወደቀ። እኛ አራታችን ጋዋን ለበስን። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይድገም አሉት፤ አልተመለሰም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥራ በዴሳ ሄድኩ። ከሚኒባስ ወርጄ ሞተር ጠራሁ... የመጣው እስራኤል ነው። እስከ ወረዳው ቢሮ ድረስ ከኋላው ተቀምጬ ሄድኩ። ስወርድ ግን አላስቻለኝም።

«እስራኤል... ያን ቀን በድዬሃለሁ...»

«ታ ኢሻ» አለኝ፤ በወላይትኛ ወንድሜ ማለቱ ነው። አልተቆጣም። «አንተ ደግሞ ምን አደረግህ? አንድ ቃል እንኳ አልተናገርክም።»

ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ቢሰድበኝ ኖሮ ቢያንስ የምመልሰው አላጣም ነበር።