ወፍጮ ያልተነሳባቸው ቀናት

መቀሌ ሥራ የጀመርኩ ቀን ወንበር አልነበረኝም። ከደብረ ብርሃን መጥቼ፣ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ ባለ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት በስድስት ወር ኮንትራት ጀማሪ ፕሮግራመር ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። የሙከራ ባለሙያው ሰይድ ወንበሩን ገፋልኝና እሱ የኮምፒውተር ካርቶን ላይ ተቀመጠ። "አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ከደሴ ስመጣ እዚህችው ካርቶን ላይ ነው የጀመርኩት" አለኝ።

የምንሠራው ላይብረሪ ነበር፤ ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ ማለት ነው። የእኛው የአንድ ክሊኒክን የታካሚ ካርድ ከአንዱ ክፍል ኮምፒውተር ወደ ሌላው ክፍል ይልካል። ከኮዱ የመላኪያው ክፍል ለእኔ ተሰጠኝ። ሰይድ ደግሞ ሁለት ኮምፒውተሮችን ስዊች በሚባለው የኔትወርክ ማገናኛ ሳጥን አገናኝቶ፣ ሰው ሳይነካቸው በየሰዓቱ የሚነሱ ሙከራዎች አዘጋጅቷል። ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ ሆኖ ይታያል።

አራተኛው ወር ላይ የእኔን ክፍል የሚፈትኑ ሰባት ሙከራዎች ጠባያቸው ተበላሸ። ኮዱ ላይ አንዲት ፊደል ሳይነካ ጠዋት አረንጓዴ የነበረው አራት ሰዓት ላይ ቀይ ይሆናል። እኔም ዛሬ ሳስበው የማፍርበትን አደረግሁ፤ አረንጓዴ እስኪሆን ደጋግሜ ማስነሳት። ሰይድ እጅ ከፍንጅ ያዘኝ።

"ቴርሞሜትር ነው እንዴ፣ እስኪወርድልሽ የምትነቀንቂው?"

ነገሩ ወደ ሁለት ወር ሲጠጋ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሐጎስ ሳይቆጣ ነበር የነገረኝ፤ እሱ ደግሞ ይብሳል። "ስሚኝ ሓፍተይ፣ ስሚኝ እህቴ፣ ክሊኒኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀምርበታል። ይሄ ነገር እንዲህ ከቀጠለ ያንቺን ክፍል አውጥቼ ሌላ አስገባለሁ። ኮንትራትሽንም አላድስም፣ በግልጽ ልንገርሽ።"

ደነገጥኩ። ለእናቴ ቋሚ ሥራ አገኘሁ ብዬ ዋሽቼ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ኮዴን መስመር በመስመር ሳነብ ሰይድ አንዴም አላየውም። ባለ መስመር ደብተር አውጥቶ የሁለት ወሩን የሙከራ ውጤት በእጁ ይገለብጣል። ቀን፣ ሰዓት፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ። ነገሩ አናደደኝ።

"ኮምፒውተሩ መዝግቦት የለም እንዴ?"

"በፈረንጅ ቀን ነው የመዘገበው። እኔ በፈረንጅ ቀን አልኖርም።"

በሁለተኛው ሳምንት አጋማሽ ደብተሩን አምጥቶ ፊቴ ዘረጋው። ቢሮው የሚዘጋባቸውን እሁዶች ትቶ፣ ምንም ቀይ ያልታየባቸውን ቀናት አክብቦባቸዋል። "እስኪ አንብቢልኝ" አለ።

"አሥራ ሁለት፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ዘጠኝ። ደግሞ አሥራ ሁለት፣ ደግሞ ሃያ አንድ።" ሳላስበው ሳቄ መጣ። "ሚካኤል፣ ማርያም፣ በዓለ እግዚአብሔር! ቅዱሳኑ ናቸው ኮዴን የሚያሳልፉልኝ?"

"እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የማውቀው፣ ባለቤቴ ባለፈው በማርያም ስንዴዋን ተሸክማ ሄዳ እንደተሸከመች መመለሷን ነው። አደይ ለተብርሃን በእነዚህ ቀናት ወፍጮ አያስነሱም።"

የአደይ ለተብርሃን ወፍጮ ቤት ከቢሯችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። የተከፈተውም ሙከራዎቹ መበላሸት በጀመሩበት ወር ነበር። ድምፁን ለምደን ረስተነዋል።

ቁጭ ብለን ጠበቅን። አራት ሰዓት ገደማ ሞተሩ ሲነሳ አምፖላችን ደብዘዝ አለ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች መብራት ሲቋረጥ በባትሪ በሚያቆያቸው ዩፒኤስ ላይ ስለሆኑ ምንም አልሆኑም። ስዊቹ ግን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ መብራቶቹ ድርግም ብለው ጠፉና ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ተመለሱ። ሰባቱም ሙከራዎች ቀይ ሆኑ።

የስዊቹን ሶኬት ነቅዬ ዩፒኤሱ ላይ ሰካሁት። ከሰዓት በኋላ ወፍጮው እያጓራ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ሰይድ ግን አልተነቃነቀም።

"ክሊኒኩ ለስዊቹ ዩፒኤስ አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያው መሀል ላይ ሲቋረጥ የተላከው ካርድ የት ይሄዳል?"

የትም። የእኔ ኮድ ላክሁ ካለ በኋላ መድረሱን ሳይጠይቅ ካርዱን ይሰርዘዋል። ሙከራዎቹ ሁለት ወር ሙሉ ሲነግሩኝ የነበረው እውነቱን ነው።

ሰይድ ደብተሩን ዘጋ። "ኮዱ ያንቺ ነው፣ ለአቶ ሐጎስ አንቺ ንገሪው" ብሎኝ ለሶላት ወጣ። ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። ዝም ብል ኮንትራቴ እንደሚታደስ አውቃለሁ። ተነስቼ የአቶ ሐጎስን በር አንኳኳሁ።

"እና ስሕተቱ ያንቺ ነው?" አለኝ ሰምቶ ሲጨርስ።

"የእኔ ነው።"

"ስንት ቀን ይፈጅብሻል?"

"አምስት።"

ስልኩን አንስቶ ክሊኒኩን አንድ ሳምንት እንዲጨምሩልን ለመነ። "ካርድ የሚያጠፋ ነገር አግኝተናል" አላቸው፤ ማን እንደሠራው አልተናገረም። ስለ ኮንትራቴም አንዲት ቃል አልወጣውም።

ኮዱን፣ ደርሶኛል የሚል መልስ እስኪመጣ ካርዱን ይዞ እንዲቆይና መልሱ ካልመጣ እንደገና እንዲልክ አድርጌ አስተካከልኩ። ሰይድ ስምንተኛ ሙከራ ጨመረበት፤ ካርድ እየተላከ ሳለ ግንኙነቱን ሆን ብሎ የሚቆርጥ።

ክሊኒኩ በጀመረበት ቀን ረፋዱ ላይ መብራቱ ብልጭ ብሎ ጠፋና ተመለሰ። እኔና ሰይድ መድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ቆመን ስክሪኑን አየን። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የአንድ ሽማግሌ ካርድ ስክሪኑ ላይ መጣ። ፋርማሲስቷ መድኃኒቱን ቆጥራ ሰጠቻቸው፤ አንድ ነገር እንደነበረ እንኳ አላወቀችም። ሰይድ አየኝና ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ውጭ ሄደ፤ የረካ ሰው አካሄድ ነበር። ከእሱ የበለጠ ባለሙያ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ኮንትራቴ ታደሰ፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ። አሁን ሌሎችን የማሠራው እኔ ነኝ። አንዴ የሚያልፍ አንዴ የሚወድቅ ሙከራ ሲገጥማችሁ ደጋግማችሁ አታስነሱት። የወደቀበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ፤ ያለፈበትንም ጻፉ።