ምስማር ላይ የተሰቀለችው ኮዳ

የበረሃውን ሸለቆ መግቢያ የሚጠብቁት ሽማግሌ ጀርባቸውን ለሸለቆው ሰጥተው ነው የሚቀመጡት። በዚያ ሁሉ ሐሩር ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። የመንገደኛውን ሁሉ ኮዳ ተቀብለው ጆሯቸው ሥር ይነቀንቃሉ፤ ከተንቦጫረቀ ጎድሏል ማለት ነው፣ አፍ እስከ ገደፉ ካልሞላ አያሳልፉም።

እኔ ስደርስ ፀሐይ ካነጣት ትንሽዬ የልጅ ኮዳ የትናንቱን ውሃ ደፍተው አዲስ እየሞሉባት ነበር።

«አባባ፣ መንገዱ ቀላል ነው አይደል?» አልኳቸው።

«ሕፃንም ይሄደዋል።»

«እይታውስ?»

«ያምራል ይላሉ።»

ኮዳዋን ከኋላቸው ካለው ምሰሶ ምስማር ላይ መልሰው ሰቀሏት።

«የማን ናት?»

«የልጄ። ረስታት ነው የገባችው።»

የእኔን ኮዳ ተቀበሉኝ፤ ጆሯቸው ሥር ነቀነቁና መለሱልኝ።

«ጎድሏል። ሙላና ና።»