ያልተናገረ ማነው?

አጎቴ፣ አላህ ይርሐማቸውና፣ ስብሰባ ቶሎ መዝጋት አይሆንላቸውም ነበር። ዱብቲ በምንሠራበት የጥጥ እርሻ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሙቀቱን ለመሸሽ ሥራ ገና ሳይነጋ ይጀመር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሁሉም እጁን አወጣ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አለቀ ብለን ስንነሳ እሳቸው፣ "ቆይ፣ ያልተናገረ ማነው?" አሉና ጠበቁ።

ከኋላ አንዲት ጥጥ ለቃሚ፣ "እኔ አልፈልግም። በዚያ ሰዓት ልጆቼን ለማን ጥዬ እመጣለሁ?" አለች።

ተመልሰን ተቀመጥን። ብዙዎቻችን አጉረመረምን፤ እኔም ጭምር። የተበተንነው የእናቶቹ ሰዓት እንደ ድሮው ይቆይ ተብሎ ከተወሰነ በኋላ ነው።

ቤትም ያው ናቸው። ለምሳ ምን ይሠራ ሲባል እንኳ ሁሉንም ጠይቀው በመጨረሻ ወደ እኔ ይዞራሉ፦ "አንተስ? ምነው ዝም አልክ?" በተፈጥሮዬ ብዙ አላወራም። ዝምታዬን ልብ የሚሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሲሞቱ ሰመራ ደጃፋቸው ላይ ድንኳን ተጣለ። ከዱብቲም ከሎግያም የመጡ የድሮ ባልደረቦቻቸው እየተነሱ ስለ እሳቸው ተናገሩ። ዱዓ ተደረገና ሰው ጫማውን እየፈለገ መሄድ ጀመረ። እኔ ምንጣፉ ላይ ቀረሁ፤ አንድ ሰው ዞር ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ። ድንኳኑ እስኪፈርስ ማንም አልጠየቀኝም።

ጋሼ፣ ያልተናገርኩት እኔ ነበርኩ።