ለመቃብሩ የነጠልኩት እሬት

ባሌ የሞተው በኅዳር መጀመሪያ ነው። ሐይቅ ገበያ ሽንኩርት ይነግድ ነበር። ደሴ ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተኝቶ በአራተኛው ቀን ጀናዛው መጣ። ለቅሶ ቤቱ የመጣው ሴት ሁሉ እኔ እስካለቅስ ይጠብቅ ነበር፤ እኔን ግን እንባ እምቢ አለኝ። «ሶብር አድርጊ» ሲሉኝ ምኑን ልቻለው ብዬ ግራ ገባኝ። የሚያመኝ ነገር አልነበረም። ያኖሩኝ ቦታ እቀመጣለሁ፣ ብይ ሲሉኝ እበላለሁ፣ ተኚ ሲሉኝ እተኛለሁ።

እኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፤ ከቤት አትወጣም። ቀብርም የወንዶች ጉዳይ ነው። ያጠቡትም፣ የከፈኑትም፣ ተሸክመው ዳገቱን የወጡትም ወንዶች ናቸው። በባሌ ቤተሰብ ለሴት የሚቀረው አንድ ሥራ ነው። መቃብሩ ላይ የሚተከለውን እሬት ከጓሮው ነጥላ የምትሰጠው የሟች ሚስት ናት። ልጅ አልወለድንም፤ ስለዚህ ከእኔ እጅ ወጥቶ እሱ ዘንድ የሚኖር ነገር ያ እሬት ብቻ ነበር።

የምንኖረው በአማቴ፣ በባሌ እናት ግቢ ነው፤ ሐይቁ ከታች ይታያል። በአጥሩ ሥር ያለውን እሬት የተከሉት ራሳቸው አማቴ ናቸው። በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ፣ መሬቱ ከክረምቱ ውኃ ሲደርቅ፣ ከእናቲቱ ሥር የበቀሉትን ልጆች ይነጥሏቸዋል። ዙሪያውን ይቆፍራሉ፣ የራሱን ሥር ያበጀውን መርጠው በቢላዋ ይለያሉ፣ ከዚያ ቁስሉ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል ጥላ ውስጥ ይተዉታል። ሲተክሉትም ውኃ አያስነኩትም። ዐሥር ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ አላውቅም ነበር ብዬ አላመካኝም።

ታኅሣሥ ገብቶ ተራዬ ሲደርስ አማቴ ቢላዋውን ሰጡኝና ወደ ቤት ገቡ። ማየት አልቻሉም መሰለኝ። ከሐይቁ የተነሣ ጉም ግቢውን ሞልቶት ነበር፤ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘዋል፤ እነሱም እንደ ሌላው አካሌ ሆኑ ማለት ነው። ትልቁን መረጥኩ። ቆፍሬ ነጠልኩት። ሥሩ ጭቃ ይዞ ነበርና ከነጭቃው ወደ መቃብር መላክ ነውር መሰለኝ። ባሌን እኔ አላጠብኩትም፤ እሬቱን አጠብኩት። ቅጠል በቅጠል፣ ሥር በሥር፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ከከፈኑ በተረፈው አቡጀዲ እንደ ረጠበ ጠቀለልኩት። ይህን ሁሉ ሳደርግ ትክክል እየሠራሁ ነው ብዬ ነው።

የባሌ ታናሽ ወንድም በዚያው ቀን መጥቶ ወሰደው። እሱ ከሽንኩርት በቀር ስለ ተክል የሚያውቀው የለም። ውኃ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ጥሩ አድርገህ አጠጣው አልኩት።

ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ ሲመለስ እጠይቀዋለሁ። ሌላ የምጠይቀው ነገር አልነበረኝም። «ይዟል» ይለኛል። ሰዓት ስንት ነው ሲሉት እንኳ ወላሂ ሳይል የማይመልስ ሰው፣ ይህችን ብቻ ያለ ወላሂ ይናገራታል። አስተውዬዋለሁ፤ ግን ተውኩት። አማቴ «አልሐምዱሊላህ» ይሉና ሙስበሓቸውን ወደ መቁጠር ይመለሳሉ።

በመጋቢት ዒዳዬ አለቀ። ታጥቤ ልብሴን ቀየርኩና ገበያ ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ሴት መቃብር ትሄዳለች ተብሎ እንዳይወራ በጓሮው መንገድ ዳገቱን ወጣሁ። ይህ ነው የሱ ብሎ ያሳየኝ ሰው ስላልነበረ፣ ማንን እጠይቃለሁ የሚለው አስጨንቆኝ ነበር። መጠየቅ አላስፈለገኝም። መቃብሩ ሁሉ እሬት አለው፤ አንዳንዱ ቀይ አበባ አውጥቷል። ባዶው አንድ ብቻ ነበር።

መሐሉ ላይ የጠቆረ ነገር አለ። ስስበው ያለ ትግል ወጣ፤ ወንድሙ ከነአቡጀዲው ነው የተከለው። ቅጠሉ እጄ ላይ ቀለጠ፤ ሽታው መጥፎ ነበር። ያበሰበስኩት እኔ እንደሆንኩ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። እንባ ይመጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቅኩ። አልመጣም። እጄን በሣር ጠርጌ ወረድኩ።

አማቴ አጥሩ ጥግ ቆመው ነበር። ገበያ ሄጄ ባዶ እጄን መመለሴን አይተው የት እንደነበርኩ አወቁ።

«እሬቱ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ይዟል» አልኩ። ይህ ብቻ እንዳያንስ ብዬ ልጅ ማውጣትም ጀምሯል ስል ጨመርኩበት።

አማቴ ግን በጥር ወር በማለዳ፣ ሰፈሩ ሳይነሣ፣ ራሳቸው ወጥተው እንዳዩት ነገሩኝ። ታናሽ ልጃቸውን «ይዟል በላት» ብለው ያዘዙትም እሳቸው ናቸው። ዒዳ ላይ ሆና ሄዳ ለማታስተካክለው ነገር ለምን ትቃጠል ብለው ነው።

ተናደድኩ። ከኅዳር ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ንዴት ነበር። እኔ መውጣት ባልችል እሳቸው እጃቸው አልታሰረ፤ ጓሮው እሬት ሞልቶት የልጃቸው መቃብር ባዶውን ይከርማል? ድምፄ ከፍ አለ።

«ታዲያ ለምን ሌላ አልተከሉለትም?»

«ያንቺ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ። «እስክትወጪ ባዶውን ይጠብቅሽ ብዬ ነው።»

ልጁ እኮ የሳቸው ነው፤ ወልደው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰው እስኪሰማ ድረስ አለቀስኩ። አማቴ ዝም በይ አላሉኝም።