ሰማንያ ቀን ያልሞላት ልጅ

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ማለዳ ነው። እንደ ወትሮው ለንግድ አልነበረም። አዲስ አበባ የምትኖረው ታናሽ እህቴ አሰለፈች የመጀመሪያ ልጇን ቀብራ እህል አልቀምስ ማለቷን ሰማን። እናታችን «ሂድና አብላት፤ ሁለተኛ መርዶ እንዳልሰማ» ብላ ላከችኝ።

አውቶቡሱ ሰው፣ በግና ጤፍ ጭኗል፤ ያልተነጫነጨው ጤፉ ብቻ ነው። ሸኖ ስንደርስ ቅቤ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ለአራስ ይሆናል ብዬ ተከራክሬ አንድ ቅል ገዛሁ። አራስ ቤቱ ውስጥ ሕፃን እንደሌለ ትዝ ያለኝ መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው።

ፒያሳ

ጣሊያን ለቆ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ኬክ ቤቶቹ ከነባንኮኒያቸው አሉ፤ በየግድግዳው የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ቅሌን ታቅፌ ሳልፍ አንድ ጫማ ሻጭ «ጋሼ፣ ክርስትና ሊያስነሡ ነው እንዴ እንዲህ ያቀፉት?» አለኝ። ቅሌን አጥብቄ አለፍኩት።

የእህቴ ቤት ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አለፍ ብሎ ነው። ከስታ አጥንቷ ወጥቷል። ስማኝ ሳትጨርስ ነገረችኝ።

«ልጄ ስትታመም ጎረቤቶቼ ቄስ ይጠራና ትጠመቅ አሉኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ቄስ ማስገባት ሞቷን መጥራት መሰለኝ። አሁን ሳትጠመቅ፣ ፍትሐት ሳይደረግላት ሄደች። የት ናት፣ ጋሼ?»

የነፍስ አባቷ መጥተው የእግዚአብሔር ምሕረት ሰፊ ነው ብለዋት ነበር፤ ልቧ ግን አልሰማ ብሏታል። እኔ ደግሞ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ምን ልበላት? አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሚስተር ካርል

በማግስቱ በዚያው ግቢ የተከራየ ሚስተር ካርል የሚባል አሜሪካዊ የመካኒክነት መምህር ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ቡና ቢሰጡት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም» አለ። ለቅሶ ቤት የሰጡትን መመለስ! ፊቴን ሳኮሳትር እህቴ ጠጋ ብላ «ሃይማኖቱ ነው። ሞርሞን ነው፤ ቡናም ሻይም አይጠጡም» አለችኝ። ውሃ ተሰጠው።

በተሰባበረ አማርኛ ልጅቷ በስንት ቀኗ ልትጠመቅ እንደነበር ጠየቀ።

«በሰማንያ» አለች እህቴ።

«እኛ ጋ በስምንት ዓመት ነው።»

ቀና አለች። «ስምንት ዓመት! ከዚያ በፊት ቢሞትስ?»

«የእኔ ልጅ በአምስት ዓመቱ ሞተ። አልተጠመቀም።»

«አይፈሩም?»

«አልፈራም። ሕፃን ኃጢአት የለውም። እግዚአብሔር ጋ ነው። እኛ እንደዚያ እናምናለን» አለና ዓይኑ እንባ ሞላ።

እህቴ ትክ ብላ አየችው። «ካመኑ ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?»

«ናፈቀኝ» አለ።

እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ «እኔም ናፈቀችኝ» አለች። እስከዚያ ያስለቀሳት ፍርሃት ነበር። አሁን ልጇን ብላ አለቀሰች፤ እኛም አብረናት አለቀስን። ማታ ገንፎ በቅቤ አቀረብኩላት፤ በላች። እየበላች ስለ ልጅቷ አወራችኝ፤ የውሃ ጠብታ ሲነካት እንዴት ትስቅ እንደነበር፣ በስንት ሳምንቷ ጣት መያዝ እንደጀመረች።

የሰውዬውን እምነት አልተቀበልኩም፤ ተቀበል ብሎም አልለመነኝም። እኔ የጊዮርጊስ ሰው ነኝ፤ ስመለስም ደጁን ስሜ ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት። ግን ያንን ቡና የማይጠጣ ሰው ወድጄዋለሁ።

ደብረ ብርሃን

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «በላች?»

«በላች።»

«ተመስገን» ብላ ልትገባ ስትል ያዝኳት። ይህ ጉዞ ካስተማረኝ አንዱን እዚያው ላድርገው ብዬ ነው፤ ያቺ ሕፃን ከሞተች ጀምሮ በቤታችን ስለ እሷ የጠየቀ አልነበረም።

«እማዬ፣ አሰለፈች ልጇን ብርቄ ነበር የምትላት» አልኳት። «ስትስቅ አንቺን ትመስል ነበር አሉ።»

እናቴ መቃኑን ይዛ ቆመች። ከዚያ «ብርቄ» ብላ ጠራቻት፤ ደጃፉ ላይም ተቀምጣ ለልጅ ልጇ አለቀሰች።